ፔዳሉ የሰመጠባት አንዲት ሰከንድ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ጥቂት ነበር የቀረኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የምጽፈው ስለ አጎቴ ነው፤ ስለ ዘመድ የሚጻፍ ነገር ወይ ሙገሳ ወይ ሐሜት ይሆንብኛል ብዬ ሰጋሁ። ደግሞስ ከቤተ መጻሕፍት ወንበር በቀር ሌላ ወንበር በቅጡ የማላውቅ ተማሪ ስለ አብራሪ ለመጻፍ ምን አግብቶኝ? የአጎቴ ባለቤት ግን፣ «ጻፈው እባክህ። እሱ እንደሆነ አፉን ሞልቶ ለማንም አይናገር፤ የሚያወራለት የማያውቀው ሰው ሆኗል» አሉኝ። ስለዚህ በሦስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት አስቀምጣለሁ። ያጣመምኩት ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።

አጎቴ የአገር ውስጥ መስመሮችን በሚያገለግል አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ናቸው። ነገሩ በሆነበት ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳ አንድ ነበር። ከአየር ኃይል በሻለቃነት ማዕረግ ከተሰናበቱ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በቀኙ ወንበር ተቀምጠዋል፤ በኮክፒት ውስጥ የቀኙ ወንበር የረዳቱ፣ የግራው የካፒቴኑ ነው። በድርጅቱ ደንብ ደግሞ ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ረዳት ካፒቴን አይሆንም። አጎቴ ሃምሳ ሁለት ሊሞላቸው ሁለት ወር፣ የመጨረሻው የካፒቴንነት ፈተና ሊሰጥ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ለፈተናው የሚያበቃቸው ከእሳቸው ጋር የሚበርረው ካፒቴን የሚሞላውና የሚፈርምበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ያ ካፒቴን በቁመቱ የተነሳ ባልደረቦቹ ሎጋው የሚሉት የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። በአየር ኃይል የመጀመሪያዋን ጀት ሲያበርር ከኋላው ተቀምጠው ያስተማሩት አጎቴ ነበሩ። አሁን አለቃቸው እሱ ነው፤ ቢሆንም «ጋሼ» ማለቱን አልተወም።

ሌሎቹ አጎቴን «ጋሽ አሜን» ይሏቸዋል። ከመነሳት በፊት አንዱ አብራሪ ዝርዝሩን ያነባል፣ ሌላው «ተረጋግጧል» እያለ ይመልሳል። አጎቴ የመጨረሻው ነጥብ ሲያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን» ይላሉ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሽማግሌ ካፒቴን፣ «ይሄ ደግሞ በየትኛው መመሪያ ላይ ነው ያለው?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «መመሪያው ላይ የለም፤ እኔ ላይ ነው ያለው» አሉት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተለጠፈባቸው። አስተናጋጆቹም፣ «ጋሽ አሜን ካላሉ ሞተሩ አይነሳም» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

እምነታቸው ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በልጅነታቸው የነበራቸው እምነት፣ በእሳቸው አነጋገር፣ «ከአባቴ የተዋስኩት ኮት» ነበር፤ ሰፍቷቸው የሚለብሱት። የራሳቸው የሆነው በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ መቶ አለቃ ሳሉ ነው። አንድ ቀን ከልምምድ በረራ ሲመለሱ፣ ወደ ቀኝ ሲዞሩ የመሪው ዘንግ ለአፍታ ጠጠረባቸው። ወዲያው ለቀቀ። ከወረዱ በኋላ የብልሽት ቅጹን የያዘው ጸሐፊ ቆሞ ይጠብቃል፤ አዛዡ ደግሞ በማግስቱ ለሚመጡ እንግዶች ስድስት ጀት ባንድነት ማሳየት ይፈልጋሉ፤ ያሉትም ስድስት ብቻ ናቸው። አጎቴ «ችግር የለም» ብለው ፈረሙ። በማግስቱ ጠዋት በዚያችው ጀት የተነሳው አብሯቸው በአንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛቸው ነበር፤ ሳቂታው ይሉት ነበር። ወደ ቀኝ ሲዞር ተከስክሶ ሞተ። ስብርባሪው ስለተቃጠለ መርማሪዎቹ ምክንያቱን ሊያውቁት አልቻሉም። ማንም አጎቴን አልጠየቃቸውም።

«የመሪው ዘንግ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉኝ። «የማውቀው፣ የተሰማኝን ነገር እንዳልተሰማኝ አድርጌ መጻፌን ነው።» በዚያ ሳምንት ጸሎት ቤት ገብተው፣ ከኋለኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የተሰማቸውን ዳግመኛ ላይሸሽጉ ተሳሉ። ይህን ስእለት ለባለቤታቸው የነገሩት ከተጋቡ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር። አጎቴና ሎጋው ስልሳ አንድ መንገደኞች ይዘው በአንዲት ትንሽ ከተማ አረፉ፤ አውሮፕላኑን ያሳረፉት አጎቴ ነበሩ። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ፍሬን ሲይዙ የግራው ፔዳል ከእግራቸው ሥር ሁለት ጣት ያህል ሰመጠና ተመለሰ። አንዲት ሰከንድ ብትሆን ነው። ፍጥነታቸው ሲቀንስ ሎጋው ተረክቦ ወደ ማቆሚያው ሲነዳ ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዘ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያዘለት።

ሞተሩ ጠፋ፤ መንገደኞቹ ጉዞው እስኪቀጥል በመጠበቂያው አዳራሽ ሊቆዩ ወረዱ። ሎጋው የብልሽት መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ምንም የለም ልበል?»

«የግራው ፔዳል ሰመጠብኝ» አሉ አጎቴ።

«መቼ?»

«እንዳረፍን።»

ሎጋው እግሩን ዘርግቶ የራሱን ፔዳል ደጋግሞ ረገጠ። «ድንጋይ ነው እኮ።»

«አሁን ድንጋይ ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን ብለን ነው የምንጽፈው? ‹እግሬ እንዲህ አለኝ› ብለን?»

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማድ መናገር አለብኝ፤ በየትኛውም መመሪያ ላይ አላገኘሁትም፣ አብራሪዎች ሁሉ ግን ያውቁታል። ብልሽት በመንገድ ላይ ባለች ትንሽ ጣቢያ አይጻፍም። መለዋወጫም ባለሙያም ያለው በዋናው ጣቢያ ስለሆነ፣ በመንገድ የጻፉበት አውሮፕላን ባለበት ይቀራል፤ መንገደኛም ይጉላላል። ስለዚህ ቀላል የመሰለውን ሁሉ ይዘው ይመለሱና የመጨረሻውን በረራ ጨርሰው ይጽፉታል። አውሮፕላን የሚታመመው ቤቱ ሲደርስ ነው እያሉም ይስቃሉ። ችግሩ፣ በዚያ ቀን ከዋናው ጣቢያ በፊት አንድ ማረፊያ ይቀራቸው ነበር፤ በኮረብታ አናት ላይ ያለ አጭር ማኮብኮቢያ ነው፣ መጨረሻውም ገደል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናብ እንደሚዘንብ ተነግሯቸዋል።

የጣቢያው ብቸኛ መካኒክ ሆዱን አስቀድሞ መጣ። ከጎማው ሥር ተንጋሎ በባትሪ ሲያበራ ቆይቶ ወጣ።

«ዘይት ጠብ አላለም። ይሄ ፍሬን ከኔ ትዳር ይጠነክራል።»

«ሦስተኛው ትዳርህ ነው አይደል?» አለ ሎጋው።

«ለዚህ ነው በድፍረት የምናገረው፤ አወዳድሬ ነዋ!» ከዚያ የአጎቴን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ። «ሻለቃ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ከጻፋችሁ እኔ ፍሬን ላይ የመፈረም ሥልጣን የለኝም። ቡድን ከዋናው ጣቢያ መምጣት አለበት። የሚመጣውም ነገ ነው።»

መካኒኩ ሲርቅ ሎጋው ድምፁን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዛሬ እንደተመለስን ልሞላልዎት ነበር።»

«ነበር?»

«እንዲህ አያድርጉኝ እንጂ! በዚህ ወር ሁለት በረራ ቀርቶብኛል፤ ሦስተኛው ከቀረ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል። የፍሬኑ ጠቋሚ መሣሪያ ደህና፣ መካኒኩ ደህና። ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ‹ከስሜትህ ይልቅ መሣሪያውን እመን› ያሉኝ።»

«ብያለሁ። ስህተትም አልነበረም። ሙሉ ግን አልነበረም።»

አጎቴ አምስት ደቂቃ ጠየቁና ወርደው በግራው ጎማ አጠገብ ቆሙ። አስፋልቱ ይፋጃል። የስእለታቸው ነገር ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እሳቸው ግን እዚያ ቆመው የገጠማቸው ጥርጣሬ ነበር። ያደረጉት ጫማ በዚያ ሳምንት የተገዛ ነው፤ ሶሉ ገና ያልተገራ፣ የሚያንሸራትት። ፔዳሉ ሳይሆን እግራቸው አንሸራቷቸው ቢሆንስ? ለአንድ ጫማ ሶል ብለው ስልሳ አንድ ሰው ሊያስቀሩ፣ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁትን ሊጥሉ? ሶሉን መሬት ላይ አሸት አሸት አደረጉት። አንሸራተተ። እዚያው አንገታቸውን ደፍተው ጸለዩ።

«ምን ብለው ጸለዩ?» አልኳቸው፤ ጥያቄው ድፍረት ቢመስለኝም።

«ትክክለኛ አድርገኝ አላልኩም። ትክክል መሆኔን አላውቅማ! ‹ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አታስመስለኝ፤ እጄም አይንቀጥቀጥ› ነው ያልኩት።»

በመጠበቂያው አዳራሽ መስኮት ላይ መንገደኞቹ ተደርድረው ያዩአቸዋል። ከረቫቱን የፈታ አንድ ሰው፣ «አብራሪው ጸሎት ላይ ነው አሉ! እኛ ምን እናድርግ፣ አሜን እንበል?» ብሎ አሳቃቸው። አንዲት እናት ግን አልሳቀችም፤ ልጇን ከመስኮቱ አርቃ አስቀመጠችው።

በጣቢያው ቢሮ ስልኩ ጮኸ፤ የበረራ ክፍል ኃላፊው ናቸው፤ አጎቴን ፈለጓቸው።

«ጠቋሚው ምን ይላል?»

«ደህና ነው ይላል።»

«መካኒኩስ?»

«ደህና ነው ይላል።»

«ካፒቴኑ?»

«እሱም እንደዚያው።»

«ታዲያ ደህና አይደለም የሚለው ማነው?»

«እግሬ።»

ኃላፊው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ስማ ሻለቃ፣ አሞኛል በልና ውረድ። በሚቀጥለው በረራ ሌላ ረዳት እልካለሁ። መዝገቡ ላይ ምንም አይጻፍ። ፈተናህም አይነካ። ይህን የምልህ ስለማከብርህ ነው።»

አጎቴን ከሁሉ የከበዳቸው ይህ ነበር፤ እሳቸው ከነክብራቸው የሚወርዱበት በር ተከፍቶላቸዋል። በወንበራቸው የሚቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ምንም ያልተነገረው ሰው።

«አላመመኝም ጌታዬ» አሉ።

መዝገቡን ከሎጋው ተቀበሉ። መጻፍ የካፒቴኑ ሥራ ቢሆንም ረዳቱ እንዳይጽፍ ደንቡ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ይሉኝታ ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «በማረፍ ላይ የግራ ፍሬን ፔዳል ለአንድ ሰከንድ ያህል ሰመጠ። መሬት ላይ ሲሞከር አልተደገመም። አብራሪው አዲስ ሶል ያለው ጫማ አድርጎ ነበር።» ከሥሩም ፈረሙ።

ሎጋው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይሄን እኮ ማንም አልጠየቀዎትም! በገዛ እጅዎ እኮ ነው የሚያስሩዎትን ገመድ ያቀበሏቸው።»

«የተሰማኝ እሱም ነው» አሉት።

በማግስቱ ቡድኑ መጣ፤ ፍሬኑን ፈታ፤ ምንም አላገኘም። ለጥንቃቄ አንድ ቫልቭ ለውጦ አሮጌውን ወደ ማደሻው ላከው። ከማደሻው የመጣውን ውጤት አጎቴ አልጠየቁም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ብልሽት ቢገኝበት ልኮራ፣ ባይገኝበት ልቆጭ ነው። ሁለቱም ለሚቀጥለው በረራ አይረዱኝም» አሉኝ።

ሎጋው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን ሞላ፤ ግን ያመነበትን ነው የሞላው። «የማብረር ችሎታው እጅግ ከፍተኛ። በውሳኔ ሰዓት ከመረጃ ይልቅ በስሜቱ ይመራል።» በፈተናው ቀን ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ መዝገቡን ገልብጦ፣ «ምናልባት ጫማዎ ይሆን?» አላቸው። «ሊሆን ይችላል» አሉ። «እንደገና ቢያጋጥምዎትስ?» «እጽፈዋለሁ።» ፈታኙ እስክሪብቶውን ከደነ። ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስማቸው አልነበረበትም።

ባለቤታቸው ለአንድ ሳምንት አላነጋገሯቸውም። «ስምንት ቀን ዝም ማለት አቅቶት!» አሉኝ፣ ጠረጴዛውን እየወለወሉ። «መናደድስ ተናደድኩ፤ ግን ምን ላድርግ? እኔም ልጆቼን ይዤ የተሳፈርኩባቸውን ቀናት ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ምሳውን አቀረብኩለት።» አጎቴ ከወዲያኛው ክፍል፣ «ጨው በዝቶበት ነበር» አሉ። «ሆን ብዬ ነው!» አሉ ባለቤታቸው።

ሁለት ወሩ አለፈ፤ ሃምሳ ሁለት ሞላቸው። አጎቴ ዛሬም በሳምንት አምስት ቀን በቀኙ ወንበር ይበርራሉ። በወር የሚከፈላቸው የረዳት አብራሪ ደመወዝ ነው፤ የካፒቴኑን ደመወዝ ግማሽ እንኳ አይሞላም።