የቃሬዛው ክብደት

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ገላ የማውቀው በሜትር ነው። የራሴንም እንደዚያው። ቀኝ ጭኔ ከግራው በጣም ይቀጥናል፤ ቀኝ ጉልበቴ ግን አብጦ የቀረ ነው፤ ከወገቤ ደግሞ ከዓመት ዓመት ሜትር የሚያስጨምር ሆድ አለኝ። ሱሪዬን ስቆርጥ አንዱን እግር አጥብቤ ጉልበቱ ላይ አሰፋዋለሁ። መርሳ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሱሪ የምሰፋለት ደንበኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ደሜ አይረጋም። አብሮኝ የተወለደ ነው፤ በእናቴ በኩል የመጣ። ወንድሟ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ በልጅነቱ ሞቷል። እኔ ተረፍኩ፤ ደሙ ግን በየጊዜው ጉልበቴ ውስጥ እየፈሰሰ መገጣጠሚያውን በላው። ሲያመኝ እተኛለሁ፤ ስተኛ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲሟሽሽ ጉልበቱ ደጋፊ ያጣና መልሶ ይደማል። ሰልችቶኛል። ይህንን ለሰው ማስረዳትም ሰልችቶኛል።

እናቴ ግን መድኃኒቱን ታውቃለች፤ ምግብ ነው። የፈሰሰ ደም በቅቤና በሥጋ ይተካል ብላ ከልጅነቴ ጀምሮ ስታጎርሰኝ ኖራለች። በሽታው በእሷ በኩል ስለመጣ የበደለችኝ ይመስላታል። ወልድያ ያየኝ ሐኪም አንድ ቀን ሚዛን ላይ አቆመኝና፣ "ይህ ክብደት ጤና እንዳይመስልዎት። ጡንቻው አልቆ በቦታው የገባው ስብ ነው። ሸክሙ ደግሞ ያው የታመመው ጉልበት ላይ ነው፤ መቀነስ አለበት" አላት። ስንመለስ መንገድ ላይ ሲሪንቃን ስናልፍ፣ "ልጅሽን አክሺው ይለኛል እንዴ? የሰው ዓይን ነው ያናገረው!" አለች። ለራት ገንፎ አገነፋች፤ ቅቤው መሀሉ ላይ ኩሬ ሠርቶ።

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። ደም የሚያረጋው መርፌ ቀረ፣ ገበያው ቀረ፣ ወፍጮውም መብራት አጥቶ ዝም አለ። የምንበላው የማሽላ ንፍሮ ሆነ። ሰፈርተኛው ሁሉ ሲከሳ እኔ ብዙም አልጎደልኩም። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሲያዩኝ ጎረቤቶቼ፣ "አንተማ ተመችቶሃል፣ ማሻ አላህ" ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን እኔን አልፎ ጎተራችንን ይፈልጋል። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን ይህንን ሆድ አይቼ እዚህ ቤት እህል አለ እል ነበር። እናቴን አብረን እንብላ ስላት፣ "እኔ ቀማምሻለሁ፤ አንተ ብላ፣ ደም ይሁንህ" ትላለች። ሰሞኑን ደግሞ በረደኝ እያለች፣ በመርሳ ቆላ፣ ጋቢ ከላይዋ አልወርድ ብሏል። የእርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ጠዋት ከባድ መሣሪያው ቀረበና ሰው ሁሉ ወደ ግራና ከተማ መውጣት ጀመረ። እኔ ደግሞ በዋዜማው ከመደብ ስነሳ ጉልበቴ ደምቶ ተወጥሮ ነበር። "እናንተ ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ" አልኩ። የምሬን ነው፤ ደክሞኝ ነበር። እናቴ ወጥታ የቅሬውን፣ የሰፈር እድራችንን፣ ሰዎች ይዛ መጣች። እኛ አገር ቅሬ የሚቀብር ብቻ አይደለም፤ በሽተኛም ይሸከማል፣ ያውም ሬሳ በሚወጣበት በዚያው ቃሬዛ። የተገኙት ጥቂት ናቸው፤ ጉልበት ያለው ቀድሞ ሄዷል። ሲያነሱኝ ቃሬዛው ጮኸ። "ያ ረቢ!" አለ አንደኛው። ብዙ መንገድ እንደማይዘልቁ ሁላችንም ገብቶናል።

ፀሐዩ ከረር ሲል እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ፊቴን ጭምር ሸፈነችኝ። ያዳነኝ ይኸው ነው። ተፈናቃዩ ሁሉ ጀናዛ፣ ወደ ቀብር የሚሄድ ሬሳ፣ መሰለው። ጀናዛ ያየ ሰው ደግሞ ጥቂት እንኳ ሳይሸከም አያልፍም። አህያውን እያቆመ፣ ጓዙን ለሚስቱ እየሰጠ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ "አላህ ይዘንለት" እያለ ትከሻውን አስገባ። አንድ የደጋ ገበሬም "ነፍስ ይማር" ብሎ ገባ፤ ዳገቱን የወጣሁት በእሱ ትከሻ ነው። ከቅሬው አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ዝም በል፤ ካወቁ ጥለውህ ነው የሚሄዱ" አለኝ። ዝም አልኩ።

"ምን ያለው ከባድ ጀናዛ ነው!" ይላል አንዱ እያለከለከ።

"በዚህ ዘመን ጠግቦ የሞተ ሰው አገኘን" ይላል ሌላው።

ከጋቢው ሥር በሐፍረት ላብ አጠመቀኝ። እናቴን ልጠራት አልችልም። ጀናዛ ሴት አትከተልምና፣ እሷም ነገሩ እንዳይነቃ ከሴቶቹ ጋር ወደ ኋላ ቀርታለች።

ግራና መግቢያ ላይ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አወረዱኝና፣ "ቀብሩ የት ነው?" አሉ። ጋቢውን ገልጬ ተቀመጥኩ። አንዱ "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሌላው ሊሰድበኝ አፉን ከፈተ። የደጋው ገበሬ ብቻ ሳቀ። "በል እግዜር ይማርህ፤ ጀርባችንን ሰበርከው እኮ" አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ከኋላ የሴቶች ጩኸት መጣ። እናቴ መንገድ ላይ ወድቃለች።

ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ሮጡ። እኔን ያ ሁሉ ሰው እየተፈራረቀ ነበር ያመጣኝ፤ እሷን ገበሬውና አንድ የቅሬ ሰው ብቻ አንስተው፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይቆራረጣቸው መጡ። ጋቢው የለባትም። በገዛ እጄ በልኳ የሰፋሁት ቀሚስ ቃሬዛው ላይ ተነጥፎ፣ ውስጡ ሰው ያለበት አይመስልም። ሜትር አላስፈለገኝም። ያንን ዳገት ሙሉ ሲሸከሙት የዋሉት ሥጋ ከማን አፍ የተነጠቀ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ተናደድኩባት፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አጠገቤ ሲያወርዷት ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ እኔን ፈለገች። ከዚያ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞር አለች።

"ከበድኳችሁ ይሆን፣ ልጆቼ?"

ገበሬው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ።

"ኧረ አልከበዱንም፣ እናቴ" አላት።