ከቀይ መስመሩ ወዲህ የገባው ራውተር

በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሁለት በሮች ነበሩ፤ በአንዱ የቆሸሸው አንሶላ ይገባል፣ በሌላው የታጠበው ይወጣል። መሀሉ ላይ፣ ወለሉን ለሁለት የሚከፍል ቀይ መስመር ተሰምሯል። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ያጠበችው ሴት ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት በጡረታ ስትሰናበት ይዛ የወጣችው ነገር ቢኖር ይህንኑ መስመር ነው። ቤቷም እንደገባች በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች። የውጭ ጫማ፣ የገበያ ዘንቢል፣ የእንግዳ ጃንጥላ ከዚያ አያልፍም። ጎረቤቶቿ “በረኪና” ይሏታል። ትሰማለች፤ ስድብ መስሏት ግን አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ብብቱ ሥር ፌስታል ሸጉጦ መጣ። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የተጣለ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ፌስታሉን መስመሩ ላይ ሲዘቀዝቀው ባለ ሁለት አንቴና ራውተር ዱብ አለ። ድሮ ነጭ ሳይሆን አልቀረም፤ አሁን ግን የሲጋራ አጫሽ ጥርስ መስሏል። ጀርባው ላይ አቧራና ቅባት ተጋግሯል። በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ የሰው ፀጉር ተሰክቷል። ጥግ ጥጉ ላይ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ነገር ተነስንሷል። ቁንዶ በርበሬ አልነበረም።

“ኤጭ! ምንድን ነው ይሄ?”

“የልጅሽ ምርቃት ነዋ፣ እታለም።”

“የበረሮ ምርቃት በለው! ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው እቤቴ ይዘህብኝ የመጣኸው?”

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ልጇ በሌላ ከተማ አዋላጅ ነርስነት ተምራ ያን ዕለት ከሰዓት ትመረቃለች። የእናቷ ጉልበት ሙሉ ቀን አውቶብስ ላይ መቀመጥ አይችልም። ኮሌጁ ሥነ ሥርዓቱን በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፋል፤ ልጅቷም፣ “እማ፣ ስሜ ሲጠራ ቀና ብዬ ካሜራውን አየዋለሁ፣ አንቺን እንዳየሁሽ ቁጠሪው” ብላታለች። በስልኳ ሞክራ ነበር፤ ለደከመ ዓይኗ የሰው ፊት ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ነው፣ ግን አሮጌ ስለሆነ ኢንተርኔት የሚቀበለው በገመድ ብቻ ነው። ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ዋይፋይዋን ፈቅዳላታለች፤ ገመዷ ግን እዚህ አይደርስም።

“ይሄ ከፎቅ የሚመጣውን ከአየር ይቀበልና በገመድ ለቴሌቪዥኑ ያቀብላል” አለ ወንድሟ። “አሮጌ ነው እንጂ ጤነኛ ነው።”

“እንግዲያው ልጠበው።”

“አንሶላ መሰለሽ እንዴ?”

ጓንት አድርጋ አልኮል በነካ ጥጥና በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው። ጥጡ በወጣ ቁጥር ጥቁር ነው፤ የሚያጣብቅ፣ የሚከረፋ ጥቁር። አንዲት በረሮ ጢሟን ከቀዳዳው ብቅ አድርጋ ተመለሰች።

“ውስጡ አሉ!”

“አብረውን ያዩ እንግዲህ። እንግዳ አትጠዪ።”

ጓንቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረችው፤ የመጨረሻው ጓንቷ ነበር። ወንድሟ ስልኩ ላይ ነካክቶ ራውተሩን አስተካከለና ነጩ የጠረጴዛ ልብሷ ላይ አኖረው። ገመዱ ሲሰካ ቴሌቪዥኑ ላይ ባዶ ወንበሮች የተደረደሩበት አዳራሽ ታየ። “ተረኛ ነኝ፣ እንዳትነኪው!” ብሎ ወጣ።

እሷ ግን አዳራሹን ትታ ዓይኗን ራውተሩ ላይ ተከለች። ሲሞቅ ይሸታል፤ የከረመ ዘይትና የራሰ ካርቶን ሽታ። ቀጥሎ አንዷ በረሮ ወጣች። ሁለተኛዋ ተከተለች። ትኋን ያለበት አንሶላ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ከትቶ አፉን ጥርቅም አድርጎ ማሰር ነው። ገመዶቹን ሳትነቅል ራውተሩን ሁለት ፌስታል ደራርባ አለበሰችውና አፉን በቀይ ፕላስተር ጠቀለለችው። እፎይ አለች።

ተመራቂዎቹ ነጭ በነጭ ሆነው ገቡ። ዲኑ ንግግር ጀመረ፤ አስረዘመ። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ስሞች ሲጠሩ፣ ስም ጠሪው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ።

ለወንድሟ ደወለች።

“የራውተሩ መብራት ይበራል?” አላት።

“በምን አየዋለሁ? ፌስታል ውስጥ ነው።”

“የት ውስጥ?”

“ደጋግሜ አሰርኩት፣ እንዳይወጡ።”

“እታለም! አፍነሽ ገደልሽው እኮ! ሞቆት ነው። ነቅለሽ አውጪው፣ አራግቢለትና መልሰሽ ሰኪው።”

“በረሮዎቹስ?”

“ልጅሽን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?”

ገመዱን ነቅላ ፌስታሉን በጥፍሯ ቀደደችው። ሙቀቱና ክርፋቱ ፊቷ ላይ ወጣ። ተከታትለው ፈሰሱ፤ ትልልቆቹ ወደ ጠረጴዛ ልብሱ፣ ትንንሾቹ ወደ እጇ። ሽቅብ ያላትን ውጣ በጋዜጣ አራገበች፣ አራገበች፣ መልሳ ሰካች። ምስሉ መጣ፤ ግን ይቆራረጣል። ራውተሩን ወደ ፎቁ ከፍ አድርጋ ስትይዘው ይጠራል፣ ስታወርደው ይጠፋል። ስለዚህ በባዶ መዳፏ ከፍ አድርጋ ይዛው በታመመ ጉልበቷ ቆመች። አንዷ ከእጅ አንጓዋ ተነሥታ ክንዷ ላይ ወጣች፤ እግሮቿ አንድ በአንድ ይታወቋታል። እጅጌዋ ውስጥ ገባች። ብብቷ ጋ ደረሰች። አላራገፈቻትም።

የልጇ ስም ከነአባቷ ተጠራ። ልጅቷ ነጭ ጋውኗን ሰብሰብ አድርጋ ሄደች፣ ወረቀቷን ተቀበለች፣ ቀና ብላ አየች። ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ታየቻት።

“አየሁሽ” አለች እናት፣ ጥርሷን እንደነከሰች።

ልጅቷ መድረኩን እስክትወርድ አልተነቃነቀችም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

“እማ! አየሽኝ?”

“ጥርት አድርጌ።”

“ምነው ድምፅሽ? እያለቀስሽ ነው እንዴ?”

“እያለቀስኩም ነው። አሁን ዝጊውና ቆይተሽ ደውይልኝ፣ የኔ ዓለም። መጀመሪያ ልታጠብ።”