በስፖንጋ ወጥ ቤት የተለማመድኩት ምስክርነት

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት ነው። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸልዪ ስባል እንኳ ተራዬን ለሌላ አሳልፋለሁ። ግን ስዊድን ውስጥ፣ ስፖንጋ ተከራይቼ የኖርኩበትን ቤት ሳስታውስ ዝም ማለት ከበደኝ።

የቤቱ ባለቤት፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ የወሎ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ነድተዋል። ልጆቻቸው ሲወጡ ባዶ የቀረችውን ክፍል ለእኔ አከራዩኝ። እኔ ጴንጤ፣ እነሱ ሙስሊም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ባለቤታቸው እትዬ ምሳዬን ሰሃን ደፍተውበት ያቆዩልኛል። በረመዳን ደግሞ እኔ ከሥራ ስመለስ ቴምር ገዝቼ እገባለሁ።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቆ ተከልክሎ ነበር። አገር ቤት ሳለን ሰዎች ከቤት ወስደውት ታስሯል፣ ተደብድቧል። ሲወስዱት ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይህንኑ ለዳኛው ተናግሮ፣ «እህቴ ስዊድን ናት፣ በስልክ ትመስክርልኝ» ብሎ ለምኖ ነበር። ዳኛው አልሰማትም አለ። ሲፈርድበት ግን «ያየ ምስክር አላቀረበም» ብሎ እንዲባረር ወሰነ። ከእሱ በላይ ያለው ቦርድም አጸናበት። የቀረው የፌደራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነበር። እዚያም ከተሸነፈ እነዚያው ሰዎች እጅ ሊመልሱት ነው።

ይህን ለጋሼ የነገርኳቸው ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስልጥ ነው። «እስኪ ደውዪለት» አሉኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥነው።

«ልጄ፣ ከታች ወደ ላይ ንገረኝ» አሉት። «እዚያ ወረዳው የቱ ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ ላይ የፈረደው እኮ የፍርድ ቤት ሰው አይደለም። ዳኛ ይባላል እንጂ የፍትሕ ሚኒስቴራቸው ተቀጣሪ ነው። ቦርዱም እንደዚያው።»

«ሊያባርርህ የመጣውም መንግሥት፣ ዳኛውም የመንግሥት ተቀጣሪ?»

«አዎ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀጥል።»

ወንድሜ ጠበቃው ያስረዳውን ነገራቸው። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት፤ የውጭ አገር ሰው መቆየትና መባረር ግን የፌደራሉ ጉዳይ ነው። የፌደራሉ ፍርድ ቤት ሦስት ደረጃ አለው። ታች አንድ ዳኛ ይቀመጣል፤ ምስክር የሚሰማው እዚያ ነው። መካከል ይግባኝ ሰሚው አለ፤ አገሩን ተከፋፍለውት በየአካባቢው ሦስት ሦስት ዳኛ ሆነው ይሰማሉ። ላይ ዘጠኝ ዳኞች ያሉት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ፤ እሱ የሚሰማውን የሚመርጠው ራሱ ነው። የወንድሜ ዓይነት ጉዳይ ከቦርዱ ሲወጣ የታችኛውን ዘሎ ቀጥታ ወደ መካከለኛው ይሄዳል።

«እነዚህንስ ማን ይሾማቸዋል?»

«ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ ከባድ ጥፋት ካልተገኘባቸው ወይ ራሳቸው ካልለቀቁ እስከ ዕድሜ ልካቸው ነው። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ሊያነሳቸው አይችልም።»

እትዬ ከምድጃው ዞር አሉ። «እስከ ሞት ድረስ? ታዲያ እንደ እኛ ጋብቻ ነዋ።»

«የእኛውስ ይግባኝም የለው» አሉ ጋሼ።

ወንድሜ ከዚያ ማዶ ሲስቅ ሰማሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን እንጃ።

ስልኩ እንደተዘጋ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ጉዳዩ እውነተኛ ዳኛ ፊት ደረሰ። ሦስት ናቸው። አንቺም ተዘጋጂ።» ምስክር የሚሰማው ታች ነው ሲባል አብረን ሰምተናል። ግን የእሳቸው ልብ ከድሮው ችሎት አልወጣም፤ እኔም ብሆን ዳኛ ካለ ምስክር የሚጠራ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱ ችሎት ሆነ። ጋሼ ዳኛ፣ እትዬ የመንግሥት ጠበቃ። እኔ ጀርባዬን ለማቀዝቀዣው ሰጥቼ እቆማለሁ።

«መኪናው ምን ዓይነት ነበር?» ይላሉ እትዬ ሽንኩርት እየከተፉ።

«ነጭ።»

«ታርጋውስ?»

«...አላየሁም።»

«አልተሰማም» ይላሉ ጋሼ። «ያላየሽውን አላየሁም ማለት ነውር የለውም። ነውሩ ማንሾካሾክ ነው። ድገሚው።»

«አላየሁም።»

«ኧረ አሁንም ለማቀዝቀዣው ነው የነገርሽው» ይላሉ እትዬ። «ደግሞ ዛሬ የትቬትስቱጋ ተራችን ነው። ክቡር ዳኛው ልብሱን ይዘው ምድር ቤት ይውረዱልኝ።»

ጋሼ ተነሥተው የቆሸሸውን ልብስ በብብታቸው ይዘው ወደ ሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ይወርዳሉ። ከደረጃው ላይ «ችሎቱ ተቋርጧል፣ ምስክሯ እንዳትሄድ» ሲሉ ይሰማኛል። እኔ የት እሄዳለሁ? በሳምንቱ ውስጥ ስጠብቀው የምከርመው እሱን ሰዓት ነበር።

አንድ ቀን ወንድሜ ደወለ። ጠበቃውን ስለ እኔ ጠይቆት ኖሯል። ይግባኝ ሰሚው ምስክር አይሰማም፤ የሚያየው ታች የተጻፈውን መዝገብ ብቻ ነው። የሚናገሩት ጠበቆቹ ናቸው፣ እነሱም በደቂቃ ተለክቶ። ባለጉዳዩ ራሱ ባይመጣም ችግር የለውም አለ። ጋሼ የችሎት ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። «አድክሜሻለሁ ልጄ» አሉኝ። አልደከምኩም በማለት ፈንታ ሻይ ቀዳሁላቸው።

ክርክሩ በኢንተርኔት በድምፅ ይተላለፍ ነበር። እዚያ ጠዋት ነው፣ እዚህ ከሰዓት በኋላ። ሦስታችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን። እንግሊዝኛው ለማናችንም ስላልገባን ወንድሜ ቤቱ ሆኖ እየሰማ በአማርኛ ይጽፍልን ነበር። አንዲት ሴት ዳኛ የመንግሥቱን ጠበቃ ደጋግማ ስታቋርጠው ሰማን።

«ምን አለችው?» አሉ እትዬ።

የወንድሜን መልእክት አነበብኩላቸው፦ «‹ምስክሯን አልሰማም ያለ ዳኛ፣ ምስክር የለህም ብሎ እንዴት ይፈርዳል?› አለችው።»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወዲያው ሌላ መዝገብ ተጠራ።

«ፍርዱስ?» አሉ እትዬ።

ፍርዱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ጥገኝነቱን አልሰጡትም፣ አልከለከሉትምም። የታቹን ውሳኔ ሽረው፣ እህቲቱ ትሰማ ብለው ወደ ታች መለሱት። እኔ ቅር ሲለኝ ጋሼ ግን ደስ አላቸው። «በላይ ያለ ዳኛ የታቹን ሥራ ነጥቆ አይሠራም» አሉኝ። «አበላሽተሃል፣ ድገመው ይለዋል። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ተዘጋጂ።»

ምስክርነቴን በቪዲዮ ከመኝታ ክፍሌ ሰጠሁ። ሰው አጠገቤ እንዳይኖር ስለታዘዘ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አድርገው ተቀመጡ። ዳኛው ሌላ ሰው ነበር፣ አማርኛ አስተርጓሚም ነበረች። መጀመሪያ አስተርጓሚዋ «አልተሰማም» አለችኝ። የመንግሥቱ ጠበቃ ስለ መኪናው ሲጠይቀኝ ግን የሽንኩርቱ ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ። ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም አልኩ፤ ጮክ ብዬ። ወንድሜ በዚያው ዓመት ጥገኝነቱን አገኘ። መንግሥትም ይግባኝ አላለም።

አሁን የምኖረው ሱንድቢበሪ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ የልብስ ማጠቢያውም የራሴ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። እትዬ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ጋሼ ባለፈው መኸር አርፈዋልና።

ከማረፋቸው በፊት ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ወንድሜ የጉዞ ሰነዱ እንደወጣለት፣ በቅርቡ ሊያያቸው እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ክፍሉን በዓይናቸው ዞር ዞር ብለው አዩ። ትራሱን አስተካከልኩላቸው። እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

«እዚህ አታምጪው ልጄ። ቤት አምጪው፤ እኔ ቤት እጠብቀዋለሁ።»