ኖርማል ብዬ የጻፍኩት ደም

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ጆሮዋ መግል ማፍሰሱን አላቆመም፤ በዚያው ዓመት ሳንባ ምች ሦስት ጊዜ ጥሏታል። ከክትባቷ አንድም አልጎደለም። ወባ በተመረመረች ቁጥር የለባትም ይባላል። እህቴ ጎንደር ልትወስዳት ፈለገች። ባሏ በሽንፋ በኩል ለአንድ የሰሊጥ ባለሀብት ትራክተር ይነዳል፤ የእርሻ ወቅት ስለነበር አልወደደም።

«መጀመሪያ የኛ ዶክተር ደሟን ትየው» አለ። ዶክተር የሚለው እኔን ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር።

ደሟን ቀዳሁ። ነጭ የደም ሴሎቿ በቁጥር ሙሉ ነበሩ። ማሽኑን ስላላመንኩ በማይክሮስኮፕም ቆጠርኩ። «ኖርማል» ብዬ ጻፍኩ።

እህቴ ፊቴን እያየች «ሌላ የምትይው የለም?» አለች።

ነበረኝ። በሽታ የሚከላከለውን ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው፣ ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ጀርሙን በዋናው ተቀባዩ መያዙ ብቻ እንደማይበቃው ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። አጠገቡ አጋዥ ሞለኪውል ሆኖ ምልክቱን ሊያጎላለት ይገባል። አጋዡ ከሌለ ሴሎቹ ተፈጥረው ደሙን ይሞሉታል፤ ሲቆጠሩ አይጎድሉም። ጀርም ሲመጣ ግን በቅጡ አይነሡም፤ ክትባትም አያስተምራቸውም። መምህራችን «ይህን ሕመም በዕድሜያችሁ አታገኙትም» ብለውን ነበር። የሦስት ሳምንት ሠራተኛ ሆኜ ይህን ብናገር ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

«የለም» አልኩ።

«በይ፣ ደሟ ከኔ ደም ይሻላል» አላት ባሏ። «ጎንደር ለሽርሽር ከሆነ ሰሊጡ ሲሰበሰብ እወስድሻለሁ።»

ነሐሴ ላይ ሳንባ ምች እንደገና ጣላት። መንገዱ ጭቃ ስለነበር አባቷ በትራክተሩ ወደኛ ክሊኒክ ጭኗት ሲመጣ ሳይደርሱ አለፈች።

ከቀብሯ ወር በኋላ ያን ቀን የዋጥኩትን ለእህቴ ነገርኳት። ለሷ ብዬ አልነበረም፤ እንዲቀለኝ ነው።

«ደሟን ስታዪ ይኸን ታውቂ ነበር?»

«እርግጠኛ አልነበርኩም። የሚያረጋግጥ ምርመራ እዚህ የለም።»

«እኔስ እርግጠኛ ነበርኩ? ጎንደር ውሰጃት ብትይኝ ምን ነበረበት?»

እህቴ አሁን እርጉዝ ናት። ሰሞኑን ለምርመራ ክሊኒክ መጣች። ወንበሩን ባሳያት አልተቀመጠችም።

«ባልደረባሽ የለም?»

«ምሳ ወጥቷል፤ ይቆያል።»

«እጠብቀዋለሁ» ብላ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በመስኮት ሆዷን አየሁት። የገመትኩት ልክ ከሆነ ሕመሙ በዘር የሚወርድ ነው፤ የሚወለደውንም ሊይዘው ይችላል። ይህን ገና አልነገርኳትም።