ገመቹ ትቶልኝ የሄደው ጃኬት

ባለፈው ሰሞን እናቴን ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ሐኪሟ ስለ ባሕርይ መታወክ ስታስረዳኝ፣ «አንዱ ሰው ሁሉን ይጠረጥራል፤ ሌላው ጥለውኝ ይሄዳሉ ብሎ ይሸበራል። ስሙ ይለያያል እንጂ ከሥር ይመሳሰላሉ። ራስን በሌላው ቦታ አድርጎ ማየት ይከብዳቸዋል፤ የሆነው ሁሉ በእነሱ ላይ የተደረገ ይመስላቸዋል» አለችኝ። እኔ ግን ወንድሜን ገመቹን እያሰብኩ ነበር።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ ጊዜ ሰበታ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ጎረቤት ሰላም ቢለው መሬቱን የፈለገበት ይመስለዋል። እናቴ ስታቅፍ አጥንት ትሰብራለች፤ ትንሽ ከዘገየንባት ደግሞ ሳህን ትወረውራለች። እነዚህን ሁለቱን ማን አጋባቸው እያልኩ እስቅ ነበር።

ኅዳር ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይቀመጣል። ገመቹ አንድ ቀን ለፕላኑ መሬት ከሚለኩ ቀያሾች ጋር ሜትር ሲይዝላቸው ዋለ። ውድማው ጋ ቆሎ እየቆረጠምን፣ «ችካሉ በቤታችን ያልፍ እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ ነው። ለአባ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ያዢ» አለኝ።

አልያዝኩም። በማግስቱ ጠዋት ጃኬቱን አውሰኝ ስለው እምቢ አለኝ። ተናደድኩና ለአባቴ፣ «ልጅህ ለቀያሾቹ ሜትር ይዞላቸው ዋለ» አልኩት። ለምን እንደሆነ ግን ዋጥኩት።

አባቴ ገመቹን ጠርቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከነሱ ጋር ከሆንክ ስንት ጊዜህ ነው?» አለው።

«አባ፣ ለእኛው ብዬ ነው! ጫልቱን ጠይቃት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኩ።

እናቴ፣ «ኢልማኮ! ልጄ፣ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው አይደል!» ብላ ኮሌታው ላይ ተንጠለጠለች። ገመቹ እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቀ። ጃኬቱን አውልቆ እግሬ ሥር ጣለው።

«በይ፣ ልበሺው።»

መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። በእግሩ ወደ ተጂ ከተማ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለን ሰው የለም።

ከክሊኒኩ ስንመለስ ሁለቱንም አስቀምጬ ተናገርኩ። «ገመቹ ምክንያቱን ነግሮኝ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ በሩን በሩን አየ። «እንዲህ በይ ብሎ የላከሽ ማነው?»

እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች። «አሁን ደግሞ አንቺ ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?»

ልቆጣቸው ስል የሐኪሟ ቃል ትዝ አለኝ። ገመቹ በዚያ ውርጭ ያለ ጃኬት ሲወጣ፣ በርዶት ይሆን ብሎ ያሰበ ከሦስታችን አንድ አልነበረም።