የሺጥላና የገብርኤል ጽዋ

የሺጥላ ሱሉልታ ውስጥ ድንጋይ የሚጭን ገልባጭ መኪና ይነዳ ነበር። አረቄው ግን ጉበቱን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም በላው። ሥራውን አጣ፣ ሚስቱ ሞተችበት፣ አንዲት ልጁ ዕድላዊትም ቡራዩ ቤት ተከራይታ ወጣች። «ደግመህ ሰክረህ ካገኘሁህ አባት አለኝ ብዬ አላወራም» ብላው ነው የሄደችው። እሱ ደግሞ፣ አይ የሺጥላ! እሷ ከሄደች በኋላ ጭራሽ ባሰበት።

ኋላ ነው ሐኪም ጋ ሄዶ ክኒን የጀመረው። ክኒኑ ጨካኝ ነው። እሱን እየዋጠ መጠጥ የቀመሰ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል። ይህንን ፈርቶ ክረምቱን በሙሉ አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ወጣ። ታዲያ ለማን ይንገር? «የእብድ መድኃኒት ይውጣል» እንዳይባል ክኒኑን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ሸሸገው። ለዕድላዊትም በስልክ «በራሴ ወኔ ነው የተውኩት» አላት። ለገዛ ልጁ ጀግና መምሰል አማረው እኮ! ቤቱ ጭር ብሎበት፣ የሚያናግረው ቢያጣ ለሬዲዮው መልስ ይሰጥ ነበር።

የገብርኤል ማኅበር ተራ ሲደርሰው ዕድላዊት «እኔ መጥቼ አስተናግድልሃለሁ» አለችው። ጎረቤት ጠላውን ጠመቀችለት፣ ልጁ ዳቦውን ከቡራዩ ተሸክማ መጣች። ጓዳውን አየች፣ ሲስማት አፉን አሸተተች፤ ምንም የለም።

«አባባ፣ ኪራዩ አማሮኛል፤ ተመልሼ ልግባ እንዴ?» አለችው።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም።

በእነሱ ማኅበር ጽዋውን ቀድሞ የሚጎነጨው ደጋሹ ነው፤ እምቢ ማለት መልአኩን ማስቀየም ነው። የሺጥላ በዚህ ሲብሰለሰል ሰንብቶ፣ «የዛሬዋን ክኒን ብተዋትስ? ደግሞስ የተባረከ ነው፤ ገብርኤል በገዛ ጽዋው ይጎዳኛል?» ብሎ ጠዋት ሳይውጥ ዋለ። ሐኪሙ «ካቆሙ በኋላም ሰውነትዎ ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል» ብለውት ነበር፤ ማን ሰምቶ!

ቄሱ ባረኩ። የማኅበሩ አለቃ ኦቦ ዋቆ ጽዋውን አቀበሉት።

«ማሎ የሺጥላ፣ እባክህ ጎንጨት በል እንጂ! ምነው ፈራኸው?» ሲሉ ሰዉ ሳቀ። ማፈሩን ለመደበቅ ብሎ ጠጣው።

ብዙም ሳይቆይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ልቡ ደረቱን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ወደ ደጅ ሊወጣ ሲነሳ አዙሮት ዳቦው ላይ ወደቀ፤ እዚያው እንግዳው ፊት አስመለሰው።

«ውይ በሞትኩት! ለካ ጓዳ ሲጠጣ ነው የዋለው!» አለች አንዷ። ኦቦ ዋቆ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። ዕድላዊት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የሺጥላ እንደምንም ተነሳ። ክኒኑን ከዱቄቱ ውስጥ አውጥቶ፣ እየተንገዳገደ፣ ዱቄቱ እጁን እንዳነጣው መንገድ ዳር ደረሰባት። ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄደው ታክሲ ሰው እየጫነ ነበር።

«ዕድልዬ፣ ይኸው ተመልከቺ! ይሄ ክኒን ነው ከጽዋው ጋር አልስማማ ያለኝ!»

«የምን ክኒን? በራሴ ወኔ አላልከኝም ነበር?»

«ዋሸሁሽ። አፍሬ ነው የዋሸሁሽ።»

«እና አሁንስ አለመዋሸትህን በምን ልወቅ?»

«አልሰከርኩም ልጄ! በእናትሽ ዐፅም፣ አልሰከርኩም!»

ዕድላዊት እንባዋ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ ያያቸዋል።

«አባባ፣ ልጅ ሆኜ በር ስከፍትልህ ማታ ማታ ምን ነበር የምትለኝ?»

እንዴት ይረሳዋል? በሩን ተደግፎ፣ አረቄ አረቄ እየሸተተ፣ በእናቷ እየማለ የሚላት ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ገባች፤ ታክሲው ሄደ።