ከል የመሰለኝ ልብስ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ክረምት እንደነበር አውቃለሁ፤ ዝናቡ የበረንዳውን መስኮት ሲደበድብ ትዝ ይለኛል። የልጄ ልጅ ከጦር ሠራዊት ወጥታ እኔ ዘንድ መኖር የጀመረችበት ዓመት ነው፤ ወይ ያ፣ ወይ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። ልጆቼን ብጠይቅ እያንዳንዱ የየራሱን ዓመት ይነግረኛል። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በጎልማሳነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ቀን መዝግቦ መያዝ አልለመድሁም። የማስታውሰው የልብሱን ቀለም ነው።

በአገሬ ሸማኔ ነበርሁ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን እግሬን ጉድጓድ ከትቼ ስንት ዘመን ድርና ማግ ሳገናኝ ኖሬያለሁ። እዚህ እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ በፋብሪካ የፕላስቲክ ክዳን ስለቅም ኖርሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ባለችው ቤታችን ብቻዬን ነበርሁ፤ ስለዚህ ልጅቱ «ሳባ፣ አንተ ዘንድ ልምጣ?» ስትለኝ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ «አንቱ» ማለት ብቻ አልለመደችም። እኔም አላረምኋት።

ሥራዋ ሁለት ነበር። ቀን ቀን ልብስ መደብር ቆማ ትሸጣለች። ሌላው ሥራዋ በስልኳ ውስጥ ነው። ስልኩን ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ታቆመዋለች፤ ክብ መብራት ታበራለች፤ ልብስ ትለብሳለች፣ ትዞራለች፣ ታወልቃለች፣ ሌላ ትለብሳለች። የማታውቃቸው ሰዎች ያዩአታል። ብዙ ናቸው። ልብሱን አንዳንዱን ሻጮቹ ይልኩላታል፤ አብዛኛውን ግን ራሷ ታዝዛለች። ቤት ድረስ የማይመጣውን ዕቃ ፖስታ ቤቱ ከሚያስቀምጥበት ከሰፈሩ የደብተር መሸጫ ሱቅ የማመጣው እኔ ነበርሁ። ዕቃ መጥቷል የሚለውን ወረቀት ከፖስታ ሣጥኑ አወጣለሁ፤ መታወቂያዬን ኪሴ ከትቼ ዝግ ብዬ እሄዳለሁ።

«ሳባ፣ ልታገባ ነው እንዴ?» ይለኛል ባለሱቁ በዕብራይስጥ፣ ካርቶኑን እየከመረልኝ። «ይህ ሁሉ ጥሎሽ!»

«ልብሱ ተሟልቷል፤ ሙሽራዋን አንተ ፈልግልኝ» እለዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ልብሷ አበባ ነበር፤ ብጫው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው። በኋላ አንድ ጠዋት ስነሣ ሳሎኑ ተራቁቶ አገኘሁት። ባለቤቴ የሰፋችው ቀይ መጋረጃ የለም። ግድግዳው ላይ የነበረው ሰፌድ የለም። ፎቶዎቹም ወርደዋል። ከፎቶዎቹ አንዱ የታላቅ እህቴ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሳ፣ አገጯን ቀና አድርጋ የቆመችበት።

«ቤቱ ምን ሆነ?» አልሁ።

«ሳባ፣ መብዛት ሰውን ያስጨንቃል። ዓይን ማረፍ አለበት። ጥቂት ነገር ይበቃል። አሁን ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም ማን?»

«ሁሉም ነዋ» ብላ ስልኳን ወደ እኔ ከፍ አደረገች።

በዚያው ሳምንት ባለቀለሙ ልብስ በትላልቅ ጥቁር ከረጢት እየተሞላ ወርዶ፣ መንገድ ዳር ለችግረኛ ልብስ የሚጣልበት የብረት ሣጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ የምትለብሰው ቡላ ሹራብ፣ ዳለቻ ሱሪ፣ አመድማ ካልሲ ሆነ። እነዚህ በእኛ አገር የበሬና የበቅሎ ቀለም ናቸው። «ጥቂት ይበቃል» ከተባለ ወዲህ ግን የደብተር ሱቁ መንገድ ይብስ በዛብኝ።

«ይህ ሹራብ ትናንት የመጣው አይደለም?» አልኋት አንድ ቀን።

«አይደለም እኮ! ያ የአሸዋ ቀለም ነው፤ ይሄ የድንጋይ።»

«እኔ ሁለቱንም ቡላ ነው የምላቸው። ያኛውን ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ያኛውማ ታይቷል።»

ታይቷል። ይህች ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። እኔ የማውቀው ልብስ የሚጣለው ሲያልቅ ነው። ጋቢ መጀመሪያ የክት ይሆናል፤ ቀጥሎ የዘወትር፤ ቀጥሎ የልጅ ማዘያ፤ መጨረሻው የምጣድ መወልወያ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ክሩን አይቼ «ይህ የእኔ እጅ ነው» እላለሁ። የእሷ ልብስ ግን ሳይጎሳቆል አንድ ጊዜ በመታየት ያረጃል። ልጅቱን ለመውቀስ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ፣ መጥታ ያን መብራት አብርታ ስትስቅ ድካሟን አያለሁ። ያልገባኝ ነገር ስለነበር ነው።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ስልክ ዝም አለ።

እህቴ እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ናት። ጎንደር ተቀምጣ ወደዚህ የምትመጣበትን ተራ ትጠብቃለች። ዘወትር ዓርብ ጠዋት እደውልላታለሁ፤ «አንተ ልጅ፣ በላህ?» ትለኛለች፣ ሽበቴን እንዳላየች። በአንዱ ዓርብ ስደውል ደንበኛዋን ማግኘት እንደማይቻል የምትናገረዋ ሴትዮ ብቻ መለሰችልኝ። በሚቀጥለውም ዓርብ እሷው ናት። በሦስተኛውም።

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። የሞተበት ሰው መጨረሻ ነው የሚሰማው። ቤተሰቡ አስቀድሞ ያውቃል፣ ይደብቃል፤ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ሰንበትና በዓል ይታለፋል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እንግዲህ እኔ ያየሁትን አንድ ላይ አስቀመጥሁት። ልጅቱ ጌጥ ትታለች። የምትለብሰው እንደ ሐዘንተኛ ቀለም የሌለው፣ ከል ነው። የእህቴን ፎቶ ከፊቴ አውርዳለች። ስልክ ስታወራ ከገባሁ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ስልኩም አይሠራም። እህቴ ሞታለች፤ ልጅቱ ታውቃለች፤ የሚቀረው የሽማግሌዎቹ መምጣት ነው።

አንድ ማለዳ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ።  ግድግዳውን ይዤ ሄጄ ከፈትሁ። የሞተር ብስክሌት ቆብ ያጠለቀ ሰው ካርቶን አሳቀፈኝና «ሳባ፣ እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ፈረምሁ። ካርቶኑ ሲከፈት አመድማ ባርኔጣ ነበር። እንዲህ ያለው ማለዳ ሦስት ጊዜ ደርሶብኛል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከጎህ በፊት ተነሥቼ ታጥቤ፣ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ በሩ ትይዩ እቀመጥ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በፒጃማ እንዳያገኙኝ።

ለምን አልጠየቅህም ትሉኝ ይሆናል። የተደበቀለት ሰው አይጠይቅም። ደግሞ ካልጠየቅሁ እህቴ በሕይወት አለች።

ከእኛ በታች የምትኖር የአገሬ ሰው አለች፤ ከእኔ ጥቂት የምታንስ ሴት። ዓርብ ዕለት ከሕንፃው በር ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። ልጅቱ ረጅሙን አመድማ ካፖርቷን ለብሳ ወደ አውቶቡሱ ስትሮጥ ሁለታችንም በዓይናችን ሸኘናት።

«አያ፣ ልጅቱ ደኅና ናት?»

«ምነው እሜቴ?»

«አይ፣ ልብሷን እያየሁ ነው። ሰነበተች። ማን ሞቶባት ነው?»

እንባዬ ወጣ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም፤ እንባዬን መልስ አድርጋ ወስዳ ገባች።

ሰንበት ወጥቶ እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ጎረቤቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሁለት ሽማግሌዎች ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ። ካርቶን የያዘ ሰው የለም።

«እህቴን!» አልሁ።  ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። እነሱም ከእኔ ጋር አለቀሱ፤ ጎረቤቴ ደረቷን ትመታለች።

ልጅቱ በቡላ ፒጃማዋ ከመኝታ ቤት ዘልላ ወጣች። «ማ ካራ? ሳባ! ምን ሆነ?»

«ልጄ፣ ከእንግዲህ አትደብቂ» አለቻት ጎረቤቴ። «ከል ለብሰሽ ሰንብተሽ የለ?»

«ምን ለብሼ?»

«ይኸው ከል! ማን ነው የሞተው? አንቺ ንገሪን እንጂ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምታለቅሱት እናንተ ናችሁ!»

ለቅሶው ቆመ። ታላቁ ሽማግሌ መጀመሪያ ልጅቱን፣ ቀጥሎ ጎረቤቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ታዲያ እኛ ማንን ነው ያለቀስን?»

«እኔ ይህች ሴት ለቅሶ አለ ብላ ከእንቅልፌ ቀስቅሳ ነው ያመጣችኝ» አለ ሁለተኛው፤ ጥምጥሙን እያስተካከለ።

ያን ጊዜ ለልጅቱ ሁሉንም ነገርኋት፤ ፎቶውን፣ ልብሱን፣ ስልኩን፣ ማለዳ ማለዳ በር ላይ መቀመጤን። አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሳባ፣ ፎቶውን ያወረድሁት ግድግዳው ባዶ እንዲሆን ብቻ ነው። ቀስ ብዬ የማወራው እንዳልረብሽህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኳ ዝም ሲል ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ እየጠበቅሁ ነበር።»

ዓይኗ ሞላ። እኔ ግን ገና አልተጽናናሁም፤ ልጅቱ መርዶ አልደበቀችም ማለት እህቴ ደኅና ናት ማለት አይደለም። እሷም ይህ የገባት ይመስለኛል። ተነሥታ ከሶፋው ሥር ካርቶኑን ጎትታ የእህቴን ፎቶ አወጣች፤ በስልኳ አነሣችው። በስልኳ ላይ ሰዎቹ የሚያዩላትን ገጽ አይቼው አውቃለሁ፤ ከላይ እስከ ታች እንደ ተወቃ ዐውድማ አንድ ቀለም ነው። አንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ሎሚ ስለታየ ብቻ «ረድፉ ይበላሻል» ብላ ፎቶ ስትሰርዝ አይቻለሁ። አሁን ቀይና አረንጓዴ ጥለቷን የለበሰች እህቴን መካከሉ ላይ አስቀመጠቻት። «ጎንደር ያላችሁ፣ ይህች የሳባዬ እህት ናት፤ ፈልጉልኝ» ብላ የሰፈሩን ስም ጻፈች፤ አማርኛውን ፊደል በፊደል የነገርኋት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ አልሄዱም። ሻይ አፍልተን ስልኩን ከብበን ተቀመጥን። «መልስ አልመጣም?» ይላል ታላቁ በየጊዜው። «አባባ፣ ገና አሁን እኮ ነው» ትላለች። ከቀትር በኋላ ጎንደር ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ መለሰች፤ የልጅቱን ልብስ በስልክ እያየች አስመስላ የምትሰፋ ሴት ናት። ሰፈሩን ታውቀዋለች።

በማግስቱ ከዚያችው ልብስ ሰፊ ስልክ ተደወለ፤ ልጅቱ እያየች ሮጣ ስልኩን አመጣችልኝ። በመስታወቱ ውስጥ የእህቴ ፊት ነበር። ከስታለች፤ ግን ራሷ ናት።

«አንተ ልጅ፣ በላህ?» አለችኝ።

ስልኳን ገበያ ላይ ሰርቀዋታል፤ ቁጥራችን ሁሉ የነበረው እሱ ውስጥ ነው። ይኸው ነው ነገሩ። እኔ ሳወራት እህቴ ከኋላዬ የቆመችውን የልጄን ልጅ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተባችሁ?»

ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ «አላልሁም?» ብላ ስትጮህ ሕንፃው ሁሉ የሰማት ይመስለኛል። እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ልጅቱ ሳቋን ጨርሳ፣ «አያቴ፣ ልብስ ልላክልሽ? ብዙ አለኝ፤ በጣም ብዙ» አለች።

«የአመዱን ለራስሽ ያዥው። ቀይ ካለሽ ላኪልኝ። ገና አልሞትሁም።»

ቁም ሣጥኑን ከፈትን። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን አየን፤ ከአልጋው ሥር ያለውን ካርቶን ጎተትን፤ ገና ያልተፈቱትንም ፈታን። ያን ሁሉ ልብስ ይዘን ለአንዲት አሮጊት የምትሆን አንዲት ቀይ አጣን። ልጅቱ ከልብሱ ክምር መካከል ቆማ፣ «ሁሉንም ጣልሁት» አለች ቀስ ብላ። 

ሁለታችን ወደ ከተማው ገበያ ሄድን። ጨርቁን በጣቴ አሻሸሁ፣ ገለበጥሁ፣ ስፌቱን ጎተት አደረግሁ፣ ወደ ብርሃን አነሣሁ።

«ሳባ፣ ልትገዛው ነው ወይስ ልታክመው?» አለኝ ነጋዴው።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ ክሩ የጠበቀ፣ ቁልፍ ያለው ቀይ የሱፍ ሹራብ አገኘሁ። ልጅቱ እጇን ውስጡ አስገብታ ዳሰሰችው። «ይከብዳል» አለች። «ሊከብድ ነዋ፤ ለብዙ ጊዜ ነው» አልኋት። እርግጥ ነው፣ ፎቶ አነሣችው፤ ሥራዋ ነው። አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝተን ላክንላት።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ተለወጠ አልላችሁም። የደብተር ሱቁ መንገድ ትንሽ ቀለል አለልኝ እንጂ አልቀረም። ልጅቱ አሁንም ቡላ ትወዳለች፤ እኔም ቡላውን ከዳለቻው፣ ዳለቻውን ከአመድማው ስሙን እየጠራሁ ለየሁላት፤ አንዳንዱን በስልኳ ላይ በአማርኛ ጻፈችው። የእህቴ ፎቶ ወደ ግድግዳው ተመልሷል፤ ልጅቱ ማቆሚያዋን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረች። ገጿ ላይ ያለውን ግን አልሰረዘችውም።

እህቴ ተራዋን እየጠበቀች ነው። ዓርብ ዓርብ በስልኩ መስታወት ትታየኛለች፤ ሁልጊዜ ያንኑ ቀይ ሹራብ ለብሳ። ታይቷል ብላ አታውቅም።

ጎረቤቴን አመሰግናለሁ፤ ሽማግሌዎቹን አመሰግናለሁ፤ ያቺን የጎንደር ልብስ ሰፊም ሰላም ያቆያት። ያን ሰሞን ማን አሻገረህ ብትሉኝ ግን፣ ያሻገረችኝ ያቺው ከል የለበሰች መስላኝ የነበረችው የልጄ ልጅ ናት።